ባለ ሦስት ጭራዎቹ ካለቁ በኋላ

የምኖርበትን ከተማ ስም ብጽፈው ጥቅም የለውም። ካርታ ላይ አለ፤ ነገር ግን ካርታው ላይ ወንዛችን በሰማያዊ ቀለም ስለተሣለ አንባቢ ይሳሳታል። እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የፈረምኩትን ብቻ ነው።

በከተማችን የወንዝ ምስክር ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ሥራው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣና በልግ ሊገባ ሲል፣ ወንዙ ጤነኛ ነው ወይስ ታሟል የሚለውን መወሰን ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ከሞቱ ቆይተዋል፤ ብልሆች ነበሩ ይባላል። በመግቢያው ላይ «ቀለም ያታልላል፤ ሽታ ይለመዳል፤ ስለ ውሃው፣ ያለ እርሱ መኖር የማይችለውን ፍጥረት ጠይቁ» ብለው ጽፈዋል። ሲጠየቁ የኖሩት ከድንጋይ ሥር የሚኖሩ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ነፍሳት ናቸው። ዋናዋ ባለ ሦስት ጭራ ናት። ግራና ቀኝ ጎኗ ላይ እንደ ላባ የሚርገበገብ መተንፈሻ አላት፤ ውሃው ትንሽ ሲበላሽ ቀድማ የምትሞተው እርሷ ናት። ቀይ ትል ደግሞ ተቃራኒዋ ነው፤ ለእርሱ ቆሻሻ ማለት ሠርግ ነው። በአንድ መረብ ሃያና ከዚያ በላይ ባለ ሦስት ጭራ ከተገኘ ወንዙ ጤነኛ ይባላል። ከሃያ ካነሰ ታሟል። ወንዙ ከታመመ ከላይ ያለው የቆዳ ፋብሪካ ይዘጋል፤ ወንዙን ለሚጠጣው ለታችኛው መንደርም ከምንጩ ንጹሕ ውሃ በቦቴ ይላካል።

ቆጠራው የሁለት ሰው ሥራ ነው። ቀስቃሹ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ድንጋዩን በእግሩ ይቀሰቅሳል፤ ለቃሚዋ ከበታቹ መረቡን ትይዛለች። ከዚያ የተያዘውን ነጭ ትሪ ላይ ገልብጣ በወረንጦ እየለቀመች ትቆጥራለች። ሁለቱም ካልፈረሙበት ቁጥሩ ቁጥር አይደለም። ለአሥር ዓመት ቀስቃሹ ባለቤቴ፣ ለቃሚዋ እኔ ነበርኩ። የተዋወቅነው ዩኒቨርሲቲ ሳለን፣ አንድ ትሪ ላይ አብረን ጎንበስ ብለን ነው። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

ስንጀምር በአንድ መረብ ስድሳም ሰባም ባለ ሦስት ጭራ እናገኝ ነበር። ፋብሪካው ሁለተኛውን የቆዳ መንከሪያ ገንዳ ሲጨምር አርባ ሆነ። ሦስተኛውን ሲጨምር ሃያ ሦስት። በአሥረኛው ዓመት ባለቤቴ ትሪውን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ ደጋግሞ አየና «ሰባት» ብሎ ጻፈ።

የምስክር ቤቱ ሹም አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ሰው ላይ ሲጮሁ ተሰምተው አያውቁም። ደንብ ሲያነቡ ብርቱካን ይልጣሉ፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ እስኪወርድ ድረስ ለማንም መልስ አይሰጡም።

«ሰባት ለቅጹ አይመችም» አሉን። «ቦታው የሁለት አኃዝ ነው።»

«ዜሮ ሰባት ብለን እንጻፈዋ» አለ ባለቤቴ።

አቶ ልሳነወርቅ ሳቁ። እኛም ሳቅን። ቅጹ ግን ተበላሽቷል ተብሎ ተመለሰ፤ ቆጠራው በሚቀጥለው ወር ይደገም ተባለ።

በሚቀጥለው ወር ባለቤቴ ታሞ ተኛ። ይህን የምጽፈው ለማመካኛ አይደለም፤ ነገሩ የሆነው በዚህ ቅደም ተከተል ስለሆነ ነው። በእርሱ ፋንታ ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ሰው ተላኩልኝ፤ ቀድሞ የቄራ ዘበኛ የነበሩ፣ ዝምታ የማይሆንላቸው ሽማግሌ ናቸው። የባለቤቴን የወንዝ ቦት ጫማ እንድመልስም ታዘዝኩ። መለስኩ። ጋሽ ይርዳው ሁለት ቁጥር ስለሚሰፋቸው ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቀጠቁበት።

ወንዙ ዳር ስንደርስ አምስት ሰዎች ባልዲ ይዘው ከውሃው ሲወጡ አገኘናቸው። በየባልዲው ውስጥ እርጥብ ሣር አለ። አለቃቸው መንበሩ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ እንደ ሠርግ አሳላፊ ተቀበለን።

«ደህና አደሩ እትዬ! ይምጡ፣ ይምጡ፤ ሁሉም ተዘጋጅቷል።»

«ምኑ ነው የተዘጋጀው?»

«እንግዶቹ ናቸዋ! ከምንጩ እስከዚህ በሸክም ነው ያመጣናቸው። አንዷም መንገድ ላይ አልሞተችብንም።» ሰዓቱን አየት አደረገ። «ግን ፈጠን ይበሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩም።»

«ለምን አይቆዩም?» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«ውሃው አይስማማቸውማ።»

«ኧረ ለማን ተስማምቶ!» አሉ ጋሽ ይርዳው። ገቡና ቀሰቀሱ።

ሃያ ስድስት ለቀምኩ። ጠቆር ያሉ፣ የምንጭ ዘሮች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ጥፍር ላይ ገና የሣሩ ክር አለ። ዘጠኙ ትሪው ላይ እያሉ ሞቱ። ፈረምኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ስንት ሆነ?» አለኝ።

«ሃያ ስድስት።»

«ጥሩ ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሁለተኛው ሳምንት ቀበርነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። የአምጪዎች ማኅበር ተቋቁሞ ማኅተም ተቀረጸለት። ቆጠራው ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ እንዲሆን ታዘዘ፤ ነፍሳቱ የሚነቁት ያኔ ነው ተባለ። ተማሪዎች እየተሰለፉ ለእንግዶቹ ይዘምሩ ጀመር። በሁለተኛው ዓመት ምንጩ ላይም ባለ ሦስት ጭራ እየሳሳ መጣ፤ ተለቅሞ እያለቀ ነው። ደንቡ «የተገኘ» ይላል እንጂ «በሕይወት የተገኘ» ስለማይል የሞተችውም ትቆጠር ተባለ። በሦስተኛው ዓመት፣ ነፍሲቱ ስታድግ አውልቃ የምትጥለው ገለፈት እንደ ራሷ እንዲቆጠር ተፈቀደ። ገለፈቷ ካለ እርሷም ነበረች ማለት ነው፤ ነበረች ማለት ደግሞ፣ አቶ ልሳነወርቅ እንዳሉት፣ አለች ከማለት ብዙ አይርቅም። እኔም ትሪው ላይ ትንፋሼን ይዤ ገለፈት ለቀምኩ። በአፍንጫዬ ብተነፍስባቸው ይበተኑ ነበር።

በታችኛው መንደር ደንገል እያጨደች ሰሌን የምትሠራ ትርፌ የምትባል ወዳጅ አለችኝ። ቆጠራ በሆነ ቁጥር መጥታ ትሪዬ አጠገብ ቁጢጥ ትላለች። ልጇን ውድነሽን ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ በመንደሩ ያስወረዳት እርሷን ብቻ አይደለም። በአራተኛው ዓመት ውድነሽ ሦስተኛውን ፀነሰች።

«እቴ» አለችኝ ትርፌ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንደ መሥሪያ ቤት ሳይሆን እንደ ሰው መልሺልኝ። ልጄ ትጠጣው ወይስ አትጠጣው?»

«አትጠጣው።»

«ታዲያ ምን ትጠጣ? በሳምንት የምትልኪልኝ አንድ ጀሪካን ሁለት ቀን አይዘልቅም። ምንጩ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። ባሏ ፋብሪካ ነው የሚውለው፣ ያው አንቺ የምትፈርሚለት ፋብሪካ። ቦቴ ካልመጣ ልጄ ከዚሁ ነው የምትጠጣው። ቦቴው የሚመጣው ደግሞ አንቺ ‹ታሟል› ያልሽ ቀን ነው።»

«የምፈርመው እኔ ብቻ አይደለሁም።»

«እኔ እዚህ ሌላ ሰው አይታየኝም።»

ጋሽ ይርዳው ሁለት እርምጃ ርቀው ከጫማቸው የራሰ ጋዜጣ እያወጡ ነበር። «እኔ ግንድ ነኝ?» አሉ።

በዚያ ቀን መረቡ ውስጥ ከቀይ ትል በቀር አንድም ነገር አልነበረም። ገለፈትም የለም፤ መንበሩና ሰዎቹ ከምንጩ ባዶ ባልዲ ይዘው ተመልሰው ነበር። ዜሮ ብዬ ጻፍኩና ቅጹን ይዤ ወደ አቶ ልሳነወርቅ ወጣሁ። ብርቱካን አነሱ። እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ደንቡ ‹ነፍሳትን ጠይቁ› ይላል?»

«‹ያለ ውሃው መኖር የማይችለውን ፍጥረት› ነው የሚለው።»

«የታችኛው መንደር ሰው ያለዚህ ወንዝ መኖር ይችላል?»

«አይችልም።»

«ፍጥረትስ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ሰውን ትተን ትል ስንጠይቅ መኖራችን አያሳፍርም?»

ቁጥሩ ምን ሊሆን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ደንቡ ሃያ እንደሚል፣ ደንብ ማሻሻልም ከሥልጣናቸው በላይ እንደሆነ ነገሩኝ። መንደሩ ያን ጊዜ ሦስት መቶ አራት ሰው ነበረው። ሁለት መቶ ሰማንያ አራቱ ቢያልቁም ወንዙ ጤነኛ ነው ማለት ነው አልኳቸው።

«እግዚአብሔር አያድርገው» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። ብርቱካኑንም ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ።

የመጀመሪያውን የሰው ቆጠራ ያደረግነው በዚያው ሳምንት ነው። ደንቡ መረብና ነጭ ትሪ ስለሚያዝዝ ይዘናቸው ወረድን። ጋሽ ይርዳው ቀስቃሽ ስለሆኑ በየበሩ በእግራቸው እየመቱ ሰውን አስወጡ፤ እኔ ለቀምኩ። ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት አገኘን። የጎደሉት ስምንቱ የት እንደሄዱ የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። ወንዙ እጅግ ጤነኛ ነው ተብሎ አደባባይ ላይ ተነበበ፤ እንዲህ ያለ ከፍተኛ ቁጥር ተመዝግቦ አያውቅምና ምስክር ቤቱ ተመሰገነ።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አልመከረኝም። ቀጣዩ ቆጠራ ወር ሲቀረው ትርፌ ቤት ሄድኩ። ውድነሽ በሩ ላይ ሰሌን አንጥፋ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ተቀምጣ ነበር። ስድስት ወሯ ነው። እስከዚያ ደርሳ አታውቅም።

«በቆጠራው ቀን እዚህ ከሃያ ሰው በታች ከተገኘ ወንዙ ታሟል ማለት ነው» አልኳት ትርፌን። «ሦስት ቀን ኮረብታው ላይ ውጡ። ስንቅ ያዙ። እኔ ያገኘሁትን እጽፋለሁ፤ ቦቴው ይመጣል።»

ትርፌ አየችኝ። «አንቺ! ይህን ተንኮል የት ተማርሽው?»

«ዩኒቨርሲቲ።»

ውድነሽ ሳቀች። ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰው እንዲህ በአንድ ቃል ሲያድር አይቼ አላውቅም። ፋብሪካ የሚሠሩት ሳይቀሩ ፈቃድ እየጠየቁ ወጡ። መራመድ የማይችሉ ሃያ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱን በቃሬዛ ተሸክመው አወጧቸው። አሥራ ዘጠኙ ቀሩ።

በቆጠራው ቀን ጋሽ ይርዳውና እኔ መንደሩ ስንደርስ የቆመ የጭነት መኪና አገኘን። መንበሩ በሩጫ መጣ።

«ደህና አደሩ እትዬ! መንደሩ ባዶ ነው ቢሉኝ ጊዜ ደነገጥኩ። አይጨነቁ፤ አርባ ስድስት እንግዳ አምጥቻለሁ፣ ከከብት ገበያ። ግን ፈጠን ይበሉ፤ ገበያው ሳይበተን መመለስ አለብኝ።»

በየበሩ ላይ አንድ አንድ ሰው ተቀምጧል። ሙቀት ነበር፤ ከፊሎቹ ከወንዙ ጠጥተው ነበርና አንዱን አጥር ሥር ያስመልሰዋል። ትርፌ በር ላይ ዱላውን ጭኑ ላይ ያጋደመ የበግ ነጋዴ ተቀምጧል።

«ይህ የማን ቤት ነው?» አልኩት።

«የኔ ነዋ።»

«ውሃ የምትቀዱት በየት በኩል ነው?»

ወደ ኮረብታው ጠቆመ።

«እዚህ ስንት ጊዜ ኖራችሁ?»

አሰበና «ከጧት ጀምሮ» አለ።

ጋሽ ይርዳው ግድግዳ ይዘው ሳቁ። እኔ ወደ ቀጣዩ በር አለፍኩ። አርባ ስድስቱንም ጠየቅኳቸው፤ አንዳቸውንም አልጻፍኩም። ከዚያ እየገባሁ የተኙትን ቆጠርኩ። አንዷ አሮጊት እጄን ይዘው «ቁጥሬ ስንት ነው ልጄ?» አሉኝ። «አሥራ ስድስት» አልኳቸው። ደስ አላቸው።

መንበሩ መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ተመልሶ መጣ። «እትዬ፣ ድሮ ያመጣነውን ሁሉ ይቆጥሩልን አልነበር? ምን አጠፋን?»

«ምንም አላጠፋችሁም» አልኩት። እውነቴን ነው።

ጋሽ ይርዳው ብዕሩን ተቀበሉኝ። «አንድ ሰው ነው እኮ የጎደለው። እኔን ብትጨምሪኝስ?»

«እርስዎ እዚህ አይኖሩም።»

«እሱስ ተመስገን ነው» ብለው ፈረሙ።

አቶ ልሳነወርቅ ቁጥሩን አንብበው አልተቆጡም።

«ይህ ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው።»

«ይምላሉ?»

«እምላለሁ።» በአምስት ዓመት ውስጥ ስለ ወንዙ እውነቱን የሚናገር ቁጥር ስፈርም የመጀመሪያዬ ስለነበር ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ።

«እንግዲያው ወንዙ ታሟል» አሉ። ከመሳቢያቸው ቀዩን ማኅተም አወጡ። ተመቶ ስለማያውቅ ቀለሙ ደርቋል፤ በትንፋሻቸው እፍ እያሉ አረጠቡትና መቱ። እኔ ደረጃውን እየሮጥኩ መውረድ ፈልጌ ነበር። እርሳቸው ግን ብርቱካን አነሱ።

ረጅም ጊዜ ላጡ።

«ቦቴ የሚላከው ለመንደር ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንቀጽ ሁለት ደግሞ መንደር ማለት ሃያና ከዚያ በላይ ሰው የሚኖርበት ነው ይላል። አሥራ ዘጠኝ ሰው መንደር አይባልም። ፋብሪካውም የሚዘጋው ከበታቹ መንደር ካለ ነው። ወንዙ ታሟል፤ ግን የሚጎዳው የለም።»

«ሰዎቹ ኮረብታው ላይ ናቸው። ነገ ይመለሳሉ። ሦስት መቶ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም።»

«እርስዎ ኮረብታው ላይ ናቸው ብለው አልጻፉም፤ የሉም ብለው ጻፉ። ማሉም።»

«እንደገና ልቁጠራቸው።»

«ቆጠራ የሚደረገው በመንደር ነው፣ ወይዘሮ ስንዱ።» ልጣጩን አንሥተው በብርሃኑ በኩል አዩት። አልተበጠሰም።

በሳምንቱ አስተማሪውና የጤና ሠራተኛዋ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ የሌለ መንደር አስተማሪ አያስፈልገውም። ፋብሪካው ለበታቹ ነዋሪ ይጠነቀቅ የነበረውን ትንሽ ጥንቃቄ ተወና አራተኛውን ገንዳ ከፈተ። የአምጪዎች ማኅበር ፈረሰ። እኔም ከሥራዬ በምስጋና ተሰናበትኩ፤ የሚቆጠር ነገር አልቀረም።

ትርፌ አንድ ጧት ቤቴ መጣች። ከአጥሩ በር አላለፈችም።

«ስንት ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እኛስ?»

«አልነበራችሁም።»

«ያልሽንን እኮ ነው ያደረግነው።»

«አዎ።»

ይቅርታ የሚባለውን ቃል አፌ ውስጥ ይዤው ነበር። ለባለቤቴ ሳልሰጠው የቀረ ስለሆነ ለእርሷም ማውጣት አልቻልኩም። ገባሁና ከቧንቧዬ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልቼ አመጣሁ፤ እግሯ ሥር አኖርኩት።

«ለውድነሽ ነው» አልኳት። «ከእንግዲህ በየቀኑ እሞላልሻለሁ።»

«ለውድነሽ» አለች። «አጠገቧ ያለችው የጎረቤታችን የባንቺ ልጅ የአምስት ወር እርጉዝ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ታጠባለች። ከማዶ መንትዮቹ አሉ። እንግዲህ ቤቱን ታውቂዋለሽ፣ በየበሩ አንኳኩተሻል።» ጀሪካኑን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። «ይቺ ለስንት ሰው ናት?»

ጎንበስ ብዬ የጀሪካኑን ክዳን አጠበቅኩ።

«ቆጣሪዋ አንቺ አይደለሽ? ነያ፣ ቁጠሪያ።»

ዞራ ቁልቁለቱን ጀመረች። ነጠላዬን አጣፋሁና ጀሪካኑን አዝዬ ተከተልኳት። የመጀመሪያው ቤት ጋ ስንደርስ ዘጠኝ ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁሉም ጣሳ ይዘዋል።